የቤል ኤር ታሪክ፤ ስለ አንድ የቤተሰብ መኪና

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትጋት፤ ስለ ንጽሕና፤ ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ አገር ፍቅር ይጻፋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት ስለ አንድ መኪና ለመጻፍ አሰብሁ። «ስለ መኪና ደግሞ ምን ይጻፋል? ጎማና ሞተር አይደለምን?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዳሩ ግን የሰው ልጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ የሠሪውን አሳብ፤ የገዢውን ምኞትና የዘመኑን ጠባይ ተሸክሞ ስለሚገኝ፤ አንድን ዕቃ በደንብ የመረመረ ሰው ስለ ሰዎች ብዙ ነገር ይማራል። ከዚህም በላይ ይህ መኪና በቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያከራከረን ስለ ሆነ፤ እውነተኛ ታሪኩን መርምሮ ማወቅ ለእኔ እንደ ግዴታ ነበር።

መኪናው ሼቭሮሌ ቤል ኤር ይባላል። በአሜሪካ አገር ከ1950 እስከ 1975 ዓመተ ምሕረት ድረስ ተሠርቷል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎች እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። እኔ በዚህ መኪና ተሳፍሬ አላውቅም፤ በመንገድ ሲያልፍም አላየሁትም። የማውቀው በፎቶግራፍ ነው። አባቴ የመኪና ሜካኒክ ናቸው፤ በሚሠሩበት ጋራዥ ግድግዳ ላይ፤ ከመፍቻዎቹ መስቀያ ከፍ ብሎ፤ ዘመኑ ካለፈበት የቀን መቍጠሪያ የተቈረጠ የ1957 ቤል ኤር ሥዕል ተለጥፎ ይኖራል። አካሉ ውኃ ሰማያዊ፤ ጣራው ነጭ ነው። የኋላ ፓራፋንጎው እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ ይነሣል፤ በክሮም የተለበጠው ሁሉ ያበራል። አባቴ ደንበኛ መኪና ይዞ በመጣ ቍጥር ወደ ሥዕሉ እየጠቈሙ «የድሮ መኪና ብረት ነው፤ የዛሬው ቆርቆሮ ነው» ይላሉ። የክርክራችን መነሻ ይህች ንግግር ናት። ወደ እርስዋ ከመመለሴ በፊት ግን የመኪናውን ታሪክ ከሥሩ ልጀምር።

ሼቭሮሌ የሰው ስም ነው። ሉዊ ሼቭሮሌ በ1878 በስዊስ አገር፤ በሰዓት ሥራ በታወቀችው በላ ሾ ደ ፎን ከተማ ተወለደ። ወደ አሜሪካ ተሻግሮም የታወቀ የእሽቅድምድም መኪና ነጂ ሆነ። በ1911 ዊልያም ዱራንት ከሚባል ሰው ጋር በዲትሮይት ከተማ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። ዱራንት በ1908 ጄኔራል ሞተርስ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመ፤ በኋላ ግን ከሥልጣኑ የተገፋ ብርቱ ነጋዴ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አብረው አልዘለቁም። ሼቭሮሌ ትልቅና ፈጣን መኪና መሥራት ሲወድ፤ ዱራንት ደግሞ ብዙ ሰው ሊገዛው የሚችል ርካሽ መኪና ይፈልግ ነበርና፤ ሉዊ ሼቭሮሌ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙን ትቶ ከኩባንያው ወጣ። ኩባንያውም በ1918 ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ተጠቃለለ። ስሙ በሚሊዮን በሚቈጠሩ መኪናዎች ላይ ሲጻፍ፤ ባለ ስሙ ግን ሀብታም ሳይሆን በ1941 ሞተ።

ጄኔራል ሞተርስን ለብዙ ዘመን የመራው አልፍሬድ ስሎን ሁለት ዘዴዎችን አበጀ። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ኪስ የሚስማማ መኪና ማዘጋጀት ነው። በታችኛው ደረጃ ሼቭሮሌ፤ ከእርሱ በላይ ፖንቲያክ፤ ከዚያም ኦልድስሞቢል፤ ቀጥሎ ቢዩክ፤ በመጨረሻውም ከፍተኛ ደረጃ ካዲላክ ቆመ። ሰው ኑሮው እየተሻሻለ ሲሄድ መሰላሉን እየወጣ መኪናውንም ይለውጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ዘዴ የመኪናውን መልክ በየዓመቱ መለወጥ ነው። ሞተሩና ሻንሲው ያው ሆኖ ሳለ፤ መብራቱ፤ ጌጡና ቀለሙ ሲለወጥ፤ የአምናው መኪና በባለቤቱ ዓይን ያረጀ ይመስላል። ስለዚህም ያልተበላሸ መኪና ያለው ሰው ሌላ አዲስ ለመግዛት ይመኛል። ይህ አሠራር ለፋብሪካው ብዙ ትርፍ አመጣ፤ ነገር ግን ብዙ የሠሪዎች ዕውቀትና ገንዘብ በመልክ ላይ እንዲውል ማድረጉን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኋላ ነገሩን እናገኘዋለንና።

ቤል ኤር የሚለው ስም በሎስ አንጀለስ ከተማ ካለ የባለጸጎች ሰፈር ስም ጋር አንድ ነው። ሼቭሮሌ ይህን ስም መጀመሪያ በ1950 የሰጠው ለአንድ ባለ ሁለት በር መኪና ነበር። ይህ መኪና በፊተኛውና በኋለኛው መስኮት መካከል ጣራውን የሚደግፍ ምሰሶ ስለሌለው፤ መስተዋቶቹ ሲወርዱ ጐኑ ሁሉ ክፍት ይሆናል። በ1953 ስሙ ወደ ሙሉ ተርታ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የሼቭሮሌ ገዢ ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ርካሹ 150፤ መካከለኛው 210፤ ያጌጠው ደግሞ ቤል ኤር ይባል ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1955 ነው። በዚያ ዓመት መኪናው ከሻንሲው እስከ ጣራው እንደ አዲስ ተሠራ። የኤሌክትሪኩ ኀይል ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ከፍ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በኮፈኑ ሥር የገባው አዲሱ ሞተር ነበር። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሼቭሮሌ የሚሸጠው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ ተወዳዳሪው ፎርድ ግን ከ1932 ጀምሮ በርካሽ መኪናዎቹ ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይገጥም ስለ ነበረ፤ ወጣቶች የሼቭሮሌን መኪና የሽማግሌ መኪና አድርገው ይቈጥሩት ነበር። የሼቭሮሌ ዋና መሐንዲስ ኤድ ኮል ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ መልሱን አዘጋጀ።

ይህን ሞተር አባቴ በክብሪት እንጨቶች አስረድተውኛል። ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ሁለቱም ወገኖች በታች ተገናኝተው በላይ ስለሚራራቁ ቪ የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ይመስላሉ። ሁሉም የሚያዞሩት አንድ ዘንግ ነው። ዘንጉ ሁለት ጊዜ በዞረ ቍጥር ስምንቱም ሲሊንደሮች በየተራቸው አንድ አንድ ጊዜ ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ አንዱ ግፊቱን ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለውና ጕልበቱ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። የሞተሩ ስፋት 4.3 ሊትር ሲሆን፤ በመጀመሪያው ዓመት 162 የፈረስ ጕልበት ይሰጥ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ክብደቱ ነው። መሐንዲሶቹ የሞተሩን ግድግዳ አሳስተው ስላፈሰሱት፤ ቫልቮቹን የሚጫኑትንም ክንዶች ከታተመ ብረት ስለ ሠሯቸው፤ ባለ ስምንቱ ሞተር ከአሮጌው ባለ ስድስት ይልቅ ቀለል ብሎ ተገኘ። የዚህ ሞተር ቤተሰብ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ ቀጥሎ፤ በ2011 100 ሚሊዮንኛው ተሠራ። አባቴ «ጥሩ ሥራ ማለት ይህ ነው» ይላሉ፤ በዚህስ ማንም አይከራከራቸውም።

በ1955 ሼቭሮሌ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪናዎች ሠራ። ባለ አራት በሩ ቤል ኤር ዋጋው ወደ 2,000 የአሜሪካን ዶላር ነበር። ወንበሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉ ስለ ሆኑ፤ ሦስት ሰው ከፊት፤ ሦስት ሰው ከኋላ፤ ስድስት ነፍስ ያለ መጨናነቅ ይሳፈርበታል። ልጅ ለበዛበትና ዕቃ ለሚያበዛ ደግሞ ኖማድ የሚባል ከኋላው የሚከፈት ዓይነት ነበረ። ጊዜውም ለመኪና የተመቸ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች አግብተው ወልደው፤ ከከተማ ወጣ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ቤት ይሠሩ ነበር። ከእነዚያ ሰፈሮች ወደ ሥራ፤ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ ያለ መኪና መድረስ አይቻልም። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ደግሞ 41,000 ማይል፤ ማለትም ወደ 66,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን አውራ ጐዳና እንዲሠራ አዘዘ። እንግዲህ መኪናው መንገዱን፤ መንገዱ መኪናውን እየጠራ፤ የአንድ ሕዝብ አኗኗር ተለወጠ።

ስለ መልኩም ጥቂት ልናገር። የጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ሥራ ሹም የነበረው ሃርሊ ኧርል፤ በጦርነቱ ጊዜ ፒ 38 የተባለውን ባለ ሁለት ጅራት የጦር አይሮፕላን አይቶ እጅግ ወደደው። ከእርሱም የተነሣ በ1948 የካዲላክ መኪና የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ትንሽ ክንፍ ወጣ። ክንፉ ቀስ በቀስ ከካዲላክ ወደ ታችኛው የመሰላል ደረጃ ወርዶ በ1957 ቤል ኤር ላይ ደረሰ። የቤንዚን መቅጃውን ክዳን ሳይቀር በግራው ክንፍ የክሮም ጌጥ ውስጥ ደበቁት፤ የማያውቅ ሰው ቤንዚን ሊቀዳ ቢመጣ ቀዳዳውን ፈልጎ አያገኘውም። በዚሁ ዓመት የሞተሩ ስፋት ወደ 4.6 ሊትር አደገ። ይህ ዛሬ በዓለም ሁሉ በሥዕልና በመጫወቻ የሚታወቀው የ1957 ቤል ኤር ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በ1957 ፎርድ በሽያጭ እንደ በለጠው ሳነብ ገረመኝ። ዛሬ የምናደንቀው በጊዜው ሁልጊዜ አንደኛ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

እዚህ ላይ መኪናውን በእጃቸው የሠሩትን መርሳት አይገባም። ከሼቭሮሌ ታላላቅ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ነበሩ። በ1936 መጨረሻ በፍሊንት የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ሥራ አቁመው በፋብሪካው ውስጥ ተቀመጡ፤ አርባ አራት ቀን ከቆዩ በኋላ፤ በየካቲት 1937 ኩባንያው ማኅበራቸውን ለመቀበል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ደመወዛቸውና የጡረታ መብታቸው እየተሻሻለ ሄደ። በኅዳር ወር 1954 ጄኔራል ሞተርስ 50 ሚሊዮንኛውን መኪና በፍሊንት ሲያወጣ፤ ያ መኪና የ1955 ቤል ኤር ሆኖ በወርቅ ቀለም ተቀባ። ለእኔ ግን ከወርቁ ቀለም ይልቅ የሚያስደንቀኝ፤ መኪናውን ብሎን እያጠበቀ የሚሠራው ሰው ያንኑ መኪና ገዝቶ ልጆቹን ለማሳፈር መቻሉ ነው።

የዚያ ዘመን የቤተሰብ መኪና ለሁሉም በእኩል የተደላደለ አልነበረም። ጥቁር አሜሪካውያን በደቡብ ግዛቶች በአውቶቡስ ከኋላ እንዲቀመጡ ሕግ ያስገድዳቸው ነበር። ስለዚህ ለእነርሱ የራስ መኪና ጌጥ ብቻ ሳይሆን ከውርደት መዳኛ ነበር። በታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ ከተማ ወንበርዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ ስትታሰር፤ የከተማዪቱ ጥቁሮች አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። 381 ቀን ያህል በእግራቸውና በመኪና ሄዱ። መኪና ያላቸው ወደ 300 የሚሆኑ መኪናዎችን ለሕዝቡ አዋጡ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ሰፋፊ የቤተሰብ መኪናዎችን ገዝተው አሰለፉ። ጧት ጧት ሠራተኛውን ሁሉ ከቤቱ እየሰበሰቡ ወደ ሥራው ያደርሱት ነበር። በመጨረሻም የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ የአውቶቡሱም መለያየት ቀረ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ይህን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ የዚያን ዘመን መኪና ሥዕል ሳይ፤ ክሮሙ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ተጠጋግተው የተቀመጡት ተሳፋሪዎችም ይታዩኛል።

ቤል ኤር ከ1957 በኋላ ክብሩ እየቀነሰ ሄደ። በ1958 ኢምፓላ የሚባል የበለጠ ያጌጠ ወንድም ተወለደለት፤ በ1959 ኢምፓላ ራሱን ችሎ ከላይ ሲቀመጥ፤ ቤል ኤር ወደ መካከለኛው ደረጃ ወረደ። የ1959 ክንፎችም ወደ ጐን ተዘርግተው የሌሊት ወፍ የምትበርር አስመሰሉት። በአሜሪካ በ1975፤ በካናዳ ደግሞ በ1981 መሠራቱ ቀረ። ሆኖም ነፍሱ ያልወጣችበት አንድ አገር አለ፤ እርሱም ኩባ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ንግዷን ስላቋረጠች፤ በኩባ የነበሩት የአሜሪካ መኪናዎች መለዋወጫ ሳይመጣላቸው ቀሩ። የኩባ ሜካኒኮች ግን የሌላ መኪና ሞተር እየገጠሙ፤ የጐደለውን በእጃቸው እየቀጠቀጡ አቆዩአቸው። ዛሬም በሃቫና አደባባዮች አሮጌ ሼቭሮሌዎች ታክሲ ሆነው ይሠራሉ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «እነዚያ ሰዎች የሙያ ወንድሞቼ ናቸው» ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ቤታችን ክርክር ልመለስ። እኛ ያለን መኪና አሮጌ ነው፤ የማን ሥራ እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት የኋላ ወንበሩን የደኅንነት ቀበቶዎች ቈርጦ አውጥቷቸዋል። ትንሹ ወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ መንገዱን ማየት ይወዳል። እናቴ «ተቀመጥ» ባለችው ቍጥር ለአንድ ደቂቃ ይቀመጥና እንደገና ይነሣል። እኔ ቀበቶ እናስገባ ባልሁ ጊዜ አባቴ «ልጄ፤ እኔ በዝግታ ነው የምነዳው። ይህ ደግሞ የድሮ ብረት ነው፤ ቢመታም የሚጎዳው ሌላው ነው» አሉኝ። አባቴ ሞተር ከነብሎኑ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ በባዶ ቃል ልከራከራቸው አልቻልሁም። ታሪኩን ለመመርመር የተነሣሁት ለዚህ ነበር።

ያገኘሁት ይህ ነው። በ1950ዎቹ የቤተሰብ መኪና መሪው የተተከለበት ዘንግ ቀጥ ያለ ጠንካራ ብረት ነበር፤ መኪናው ከፊት ሲመታ እንደ ጦር ወደ ነጂው ደረት ይገፋል። ክሩስኮቶው ብረት ነው። የደኅንነት ቀበቶም በመደበኛ ዕቃነት አይመጣም። በእነዚያ ዓመታት መካከል በአሜሪካ መንገዶች ላይ በየዓመቱ ከ35,000 የሚበልጥ ሰው ይሞት ነበር። ፎርድ በ1956 ቀበቶና ለስላሳ ክሩስኮቶ ለሚፈልግ ገዢ በተጨማሪ ዋጋ አቀረበ፤ ነገር ግን ኢንዱስትሪው በጠቅላላ ስለ አደጋ ማውራት ገዢን ያስፈራል ብሎ ያምን ነበር። ክንፍ ይሸጣል፤ ቀበቶ አይሸጥም ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው በብዙ ወገን ግፊት ነው። በ1959 የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ከትከሻና ከወገብ በሦስት ነጥብ የሚይዘውን ቀበቶ አወጣ፤ ቮልቮም ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ እንዲሠሩበት ፈቀደ። በ1965 ራልፍ ኔደር የተባለ ወጣት ጠበቃ የአሜሪካ መኪናዎችን ጕድለት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመ፤ የመጽሐፉም የመጀመሪያ ምዕራፍ ኮርቬር ስለሚባል ሌላ የሼቭሮሌ መኪና ነው። በ1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደኅንነት ሕግ ፈረሙ፤ ከ1968 መጀመሪያ አንሥቶም በአዲስ የቤተሰብ መኪና ሁሉ ቀበቶ ግዴታ ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ ለተነዳው ያህል ርቀት የሚሞተው ሰው ከ1950ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ከአራት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለዚህ መንገዱም፤ ሕክምናውም፤ ሕጉም ድርሻ አላቸው፤ የመኪናው አሠራር ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

«ነገር በምሳሌ፤ ጠጅ በብርሌ» ይባላልና አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከግንብ ላይ የሚዘል ልጅ መሬት ሲደርስ ጕልበቱን ያጥፋል። ጕልበቱን ባያጥፍ ግጭቱ በሙሉ ወደ ወገቡ ይወጣል። የዛሬ መኪናም እንዲሁ ነው። አፍንጫው ሆን ተብሎ እንዲታጠፍ ሆኖ ይሠራል፤ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን እንዳይታጠፍ ይጠነክራል። ፊቱ ሲጨማደድ የግጭቱን ጕልበት ይውጣል፤ ሰውየው ይተርፋል። አባቴ «ቆርቆሮ» ያሉት ይህንኑ መታጠፍ ነው። በትንሽ ግጭት አሮጌው መኪና እንደማይጐዳ የተናገሩት እውነት ነው፤ ጥያቄው በትልቁ ግጭት ጊዜ የሚተርፈው ማን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ሌሎች ጠይቀው መልሰውታል። በ1959 የተቋቋመው የአሜሪካ የአውራ ጐዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም፤ በ2009 አምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፤ አንድ የ1959 ቤል ኤርን ከአንድ የ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። እያንዳንዱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። በሁለቱም ውስጥ የሰው አሻንጉሊት ተቀምጧል። ፊልሙን ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። የማሊቡ አፍንጫ ተጨማደደ፤ የነጂው ክፍል ግን እንዳለ ቀረ፤ አሻንጉሊቱም የእግር ጕዳት ብቻ አገኘው። የቤል ኤሩ የነጂ ክፍል ግን ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ የፊት መስተዋቱ ወልቆ ሄደ፤ የነጂው በር ተከፈተ፤ የፊት ወንበሩም በነጂው በኩል ከወለሉ ተነቀለ። የአሻንጉሊቱ ራስ ከመሪው ጋር ተላተመ። ሕያው ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር።

አባቴ በቃል ብነግራቸው «ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ» እንደሚባለው ሆኑብኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ ሄጄ ፊልሙን በስልኬ አሳየኋቸው። ዘይት የነካውን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ስልኩን ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ምንም አልተናገሩም። «እስቲ እንደገና» አሉ። ደግሜ አሳየሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዩ መካከል ላይ አስቆሙትና «ወንበሩን አየሽው? ከወለሉ ተነቅሏል» አሉኝ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «ከኋላ ሕፃን ቢኖርስ» አሉ። እኔ ምንም አልመለስሁም፤ መልሱን ራሳቸው ያውቁታልና። ትንሽ ቆይተው «ታዲያ ሥዕሉን ላውርደው?» ብለው ጠየቁኝ። «አይሆንም አባባ፤ ሥዕሉ ምን አደረገ? ሞተሩ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ሥራ ነው» አልኋቸው።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ የኋላ ወንበሩን አውጥተው ወለሉን መረመሩ። ፋብሪካው ለቀበቶ ያበጃቸው የብሎን ቀዳዳዎች ምንጣፍ ተለብሰው ደኅና ነበሩ። ለዚያው መኪና የተሠራ ቀበቶ ፈልገው ገዙና በሚገባው ብሎን አሰሩት፤ ካሰሩም በኋላ በሁለት እጃቸው ይዘው በሙሉ ኀይላቸው ጐተቱት። ትንሹ ወንድሜ ስለ አጠረ ቀበቶው አንገቱ ላይ እንዳያልፍ የሕፃን ከፍታ መቀመጫም ተፈለገለት። መጀመሪያ «ጠበበኝ» ብሎ አልቅሶ ነበር፤ ከፍታው መንገዱን ስላሳየው ግን አሁን ራሱ «እሰሩልኝ» ይላል። ጋራዡም ልማዱን ለወጠ። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ፍሬኑንና ጎማውን ካዩ በኋላ የኋላውን ቀበቶ ይጠይቃሉ፤ የተቈረጠ እንደ ሆነ ይገሥጻሉ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ያማረና የጸና አንድ አለመሆናቸውን ነው። ክብደትም ጽናት አይደለም። የቤል ኤር ሠሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሞተራቸው ምስክር ነው። ያንኑ ጥበብ ለተሳፋሪው ደረትና ራስ ለመጠበቅ ሊያውሉት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ጥበብ የሚሄደው ወደ ተጠራበት ነው። ገዢው ክንፍ ሲጠይቅ ክንፍ ተሠራለት፤ ሕዝቡ በሕግ አማካይነት ቀበቶ ሲጠይቅ ቀበቶ ተሠራለት። ሁለተኛውም ትምህርት ከዚህ ይከተላል። ከጓደኞቼ መካከል ነገ መሐንዲስ፤ ሐኪም፤ ነጋዴና የሕግ ሰው የሚሆኑ አሉ፤ ሁላችንም ግን ገዢዎች እንሆናለን። ስለ ቤት፤ ስለ መንገድ፤ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መኪና «ያምራልን?» ብቻ ሳይሆን «የሚኖርበትን ሰው ይጠብቃልን?» ብለን ካልጠየቅን፤ ሠሪው ከወዴት ያውቀዋል?

ወላጆችና መምህራን ይህን ካነበባችሁ፤ አንድ ትንሽ ነገር እለምናችኋለሁ። የመኪና ባለቤት የሆናችሁ፤ የኋላ ወንበራችሁን ጨርቅ ገልጣችሁ ቀበቶው መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ዋጋው ከብዙ ጌጥ ያነሰ ነው። መኪና የሌለን ደግሞ፤ በሰው መኪና ስንሳፈር ቀበቶውን መጠየቅ አንፈር። የሚጠይቅ ሰው ሲበዛ፤ የተቈረጡት ቀበቶዎች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።